ከዲግሪ ሌላ ስላለው የእንጀራ መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች እንድንናገር ጊዜ ስለ ተሰጠን በቅድሚያ ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመረጥነው ርእስ ምናልባት ለበዓል ቀን የሚስማማ አይመስል ይሆናል። ይኸውም ዲግሪ የሌለው ወጣት ደኅና ገቢ ያለው ሥራ ለማግኘት ምን ማድረግ ይገባዋል የሚል ነው። ይህን ርእስ የመረጥነው ጉዳዩ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሳችን በመሆኑ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከ585,000 በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 48,929 ናቸው። እርግጥ፣ ካላለፉት መካከል አንዳንዶቹ በማካካሻ ትምህርት ሌላ ዕድል ያገኛሉ። ሆኖም ይህ ሁሉ ታስቦ እንኳ አብዛኛው ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ በር ውጭ ይቀራል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪዎች አሉ ብንል፣ በ2017ቱ ስሌት የሚያልፉት አራት ናቸው። ስለ አራቱ ሁሉም ሰው ያስባል፤ እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ አርባ ስድስቱ ነው።

ውጤት በሚወጣበት ቀን በየቤቱ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጎረቤት መጥቶ «ልጅሽ ስንት አመጣ?» ይላል። እናት መልስ ታጣለች። አባት ዝም ይላል። ልጁም ከቤት መውጣት ያፍራል። ከጥቂት ወራት በኋላም ቢሆን «ምን ልሥራ?» የሚለውን ጥያቄ ደፍሮ የሚጠይቅ አይገኝም፤ ምክንያቱም ዲግሪ ያላገኘ ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ እንደ ቅጣት ስለሚቈጠር ነው። እኛ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ይህ ነው፤ የእጅ ሙያ የወደቀ ሰው መጠጊያ አይደለም። ሙያ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የራሱ ዓመታት፣ የራሱ ፈተና፣ የራሱም ማዕርግ አለው። እንደ ትምህርት አድርጎ የያዘውን ሰው ደኅና አድርጎ ያኖራል፤ እንደ ቅጣት የያዘውን ግን ከዕለት ጉርሱ አያሳልፈውም።

ይህን ለመረዳት ከከተማችን ከሐረር የተሻለ መምህር የለም። በጀጎል ግንብ ውስጥ የኖረው ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በንግድና በእጅ ጥበብ ነበር። መጽሐፍ ይገለብጥ፣ ቆዳ አልፍቶ ይጠርዝ፣ ብር ያነጥር፣ ልብስ ይሰፋ ነበር። አሚሮቹ በራሳቸው ስም ገንዘብ ያስመቱ ነበር፤ ያንንም የሚሠራው ባለ እጅ ነው። እናቶቻችን የሚሰፉት የስፌት ዕቃ የእያንዳንዱ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ጌጥ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። በሸሪፍ ሙዚየም ያሉትን የጥንት መጻሕፍት ያየ ሰው የጠራዡን እጅ ያደንቃል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸውን በታሪክ እንማራለን፤ ድንጋዩን ያነባበረው ግንበኛ ግን ስሙ አልተጻፈም። ነገር ግን በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት በመዘገበ ጊዜ፣ ያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው የሠራው ሥራ አብሮ ተመዝግቧል።

ታዲያ ንቀቱ ከወዴት መጣ? በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን በሥራቸው መስደብ የቆየ ልማድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ ዐዋጅ አውጥተዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ቀንሷል፤ ነገር ግን «ልጄ ከሚጠቁር እጁ፣ ቤት ተቀምጦ ይጦረኝ» የሚል ወላጅ ዛሬም አልጠፋም። ዐዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ሥራው የሚያስገኘው ኑሮ ነው።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት አንድ ነገር እንጨምር። እኛ ዲግሪ አያስፈልግም አላልንም። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያለ ሐኪም፣ ድልድይም ያለ መሐንዲስ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ዲግሪ የሌለው ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ ጥሩ ገንዘብ ያስገኛል ማለታችን አይደለም። ብዙው አያስገኝም። ስለዚህ የሚከፍለውን ሥራ ከማይከፍለው ለይቶ ማወቅ ያሻል። እኛ ባለሙያዎችን እየዞርን ጠይቀን የተረዳነው፣ ለአንድ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚከፈለው በሦስት ምክንያቶች መሆኑን ነው። አንደኛ፣ ሥራው «ነገ ይደርሳል» የማይባል ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ የሚችለው ሰው ጥቂት ሲሆን፤ ሦስተኛ፣ ሲበላሽ የሚያስከትለው ኪሣራ ከባድ ሲሆን ነው።

ስለ መጀመሪያው ምክንያት ውሃችንን እንመልከት። ከተማችን ውሃ ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓመታት ከደረቀ በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ በረጅም ቱቦና በፓምፕ ኀይል ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። ይህ ውሃ ያለ ፓምፕ መካኒክ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛና ያለ ቧንቧ ሠራተኛ ወደ ሐረር አይወጣም። ፓምፑ የቆመ ዕለት «ዲግሪ አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «ታስነሣዋለህ ወይ?» ነው የሚባለው።

ስለ ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የሐረር ሰው የሚወደውን ፔጆ 404 እናንሣ። ይህ መኪና መሠራቱ ካቆመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሐረር መካኒኮች ግን መለዋወጫው በገበያ ባይገኝ ከሌላ መኪና አስማምተው፣ የተሰበረውን በይደው፣ ያለቀውን ቶርኔ ላይ አስቀርጸው ታክሲውን ሲያስኬዱ ኖረዋል። ይህን የሚችል ሰው ጥቂት ስለሆነ ደንበኛው ተራ ይጠብቃል። ነገር ግን ጊዜ ይለወጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ሄዷል። እንግዲህ ነገ ተራ የሚጠበቅለት መካኒክ ባትሪውንና የኤሌክትሪክ ሞተሩን የሚያውቀው ነው። ያንን ዛሬ የጀመረ ተማሪ ከብዙ ነባር መካኒክ ጋር በእኩል መሥመር ላይ ይቆማል።

ሦስተኛውን ምክንያት የሚያስረዳን መኪና ግርግር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ የተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች በድምፃቸው ለሰፈሩ ስም አውጥተውለታል። በዚያ ሰፈር ሁሉም ሰፊ ይመስላል፤ ገቢያቸው ግን አንድ አይደለም። የተቆረጠ ጨርቅ ገጣጥሞ የሚሰፋው በፍሬ ይከፈለዋል። ሰውን ለክቶ፣ ጨርቁን ዘርግቶ መቀስ የሚያሳርፈው ቆራጭ ግን የበለጠ ያገኛል፤ ምክንያቱም ስፌት ቢበላሽ ይፈታል፤ የተሳሳተ መቀስ ግን ጨርቁን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ስፌት የሚገባ ወጣት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዐይኑን ከመቀሱ ላይ ማንሣት የለበትም። በማንኛውም ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ «መቀስ» አለ። በግንባታ ፕላን አንብቦ ሥራ የሚያከፋፍለው ፎርማን ነው፤ በእንጨት ሥራ የሚለካውና የሚነድፈው ነው፤ በምግብ ቤት ዋጋ አስልቶ ወጥ ቤቱን የሚመራው ነው።

በጀጎል ውስጥ ያሉት ጥንታዊ ቤቶችም ሌላ የሥራ በር ናቸው። እነዚህ ቤቶች በዘፈቀደ በሲሚንቶ አይጠገኑም፤ የጥንቱን ድንጋይ፣ ጭቃና እንጨት የሚያውቅ እጅ ይፈልጋሉ። ቅርስ ሊያይ የሚመጣውን እንግዳም ቋንቋ አውቆ፣ ታሪኩን በትክክል የሚያስረዳ አስጐብኚ ያስፈልገዋል። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበላው ሰው እንኳ ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ነው፤ ጅብ ማብላት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ አልሰማንም። በሌላ በኩል ደግሞ ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» በሚባለው ዕቅድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ መማር ተችሏል። ሆኖም የትምህርቱ ወረቀት ብቻውን ሥራ አያስገኝም፤ አሠሪ የሚጠይቀው ሠርተህ ያሳየኸውን ነው።

አሁን ደግሞ በሩ እንዴት እንደሚከፈት እንናገር። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፈለ ነው። ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ያለው በየሙያው የተወሰነ ችሎታ አለው። በትብብር ሥልጠና መመሪያ መሠረት ከትምህርቱ 70 ከመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 ከመቶው በማሠልጠኛው ውስጥ እንዲሰጥ ታስቧል። በጀርመን አገርም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሥርዐት አለ፤ ወጣቱ በሳምንት ጥቂቱን ቀን በትምህርት ቤት፣ አብዛኛውን ቀን በፋብሪካ ወይም በዎርክሾፕ እያሳለፈ፣ ከድርጅቱ አበል እየተከፈለው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይማራል። በስዊስ አገር ከወጣቶች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። እነዚህ አገሮች ድሆች ሆነው አይደለም፤ ሰዓቱንና ማሽኑን የሚሠራው እጅ መማር እንዳለበት ስላወቁ ነው።

ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል፤ እኛ በተለምዶ «ሲኦሲ» የምንለው ነው። ምዘናው የቃልና የጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የእጅ ሥራም አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ ከአጎቱ ጋራዥ ወይም ከጎረቤቱ የእንጨት ቤት ሙያ የለመደ ሰውም ለዚሁ ምዘና ቀርቦ ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት የሚችል መሆኑ ነው። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የማያውቅህ አሠሪ ልብህን ሊያይ አይችልም። የሚያየው ወረቀትህንና የሠራኸውን ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ያዙ፤ የሠራችሁትንም ሁሉ ፎቶግራፍ እያነሣችሁ አስቀምጡ።

ሙያ ከመምረጣችን በፊት በወረቀት ላይ የምንጽፋቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። ሥልጠናው ስንት ጊዜ ይፈጃል? የራስን መሣሪያ ለመግዛት ስንት ብር ያስፈልጋል? ከረዳትነት ወደ ሙሉ ክፍያ ለመድረስ ስንት ዓመት ይወስዳል? ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት ምን ይበላል? መልሱን ከአንድ ሰው ብቻ አንቀበል፤ ሥራውን ሃያ ዓመት የሠራውን፣ አምስት ዓመት የሠራውንና ትቶት የወጣውን ሦስቱንም እንጠይቅ።

አራተኛው ጥያቄ ብዙ ወጣቶችን የሚያታልል ስለሆነ በምሳሌ እናስረዳ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተሰጠ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የአንድ ቤት ሽቦ ለመዘርጋት በ30,000 ብር ተዋዋለ እንበል። ለረዳቱ 8,000፣ ለመጓጓዣና ለመሣሪያ 4,000 ብር ቢያወጣ 18,000 ብር ይቀረዋል። ሥራውን በሦስት ሳምንት ይጨርሰዋል። ጓደኞቹ «በሦስት ሳምንት 18,000!» ብለው ይደነቃሉ። ነገር ግን ቀጣዩ ሥራ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቢመጣ፣ ያ ገንዘብ የሁለት ወር ነው፤ የወር ገቢው 9,000 ብር ነው ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ገንዘቡን ለሁለት ከፍሎ ይይዛል፤ የማያውቀው ግን በአምስተኛው ሳምንት ይበደራል። እንግዲህ በክፍል ውስጥ የምንማረው ሒሳብ ለምን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ጓደኛ ካለን መልሱ ይኸው ነው።

ስለ አሳሳቹ መንገድም ዝም ማለት አንችልም። በፈተና ያልቀናውን ልጅ ፈጥኖ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ደላላ ነው። በጅቡቲ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ አሻግሬ ጥሩ ደመወዝ አስይዝሃለሁ ይላል። በዚህ ባሕር የስንቱ ወንድማችንና እኅታችን ሕይወት እንዳለፈ በየቤቱ የሚታወቅ ነው። የተሻገረውም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነው። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በብዙ ቤት የመሬት ወይም የከብት ዋጋ ነው። በዚያ ገንዘብ የብየዳ ማሽን ወይም የስፌት መኪና ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ልጁም መሣሪያውም በቤት በኖሩ ነበር። በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ አገር መሄድ የሚፈልግም ቢሆን፣ የተመዘነ ሙያ ይዞ የሚሄደውና ባዶ እጁን የሚሄደው አንድ ዐይነት ደመወዝ አያገኙም።

እኅቶቻችንን በሚመለከት አንድ ቃል እንጨምር። «ስፌት የሴት፣ ሽቦ የወንድ» የሚለው ክፍፍል ከሥራው ጠባይ የመጣ አይደለም። የስፌት ዕቃ የምትሰፋ እናት ቀለሙንና ቁጥሩን በአእምሮዋ ይዛ አንድም ሳትስት ትጨርሳለች። ይህን የሚችል አእምሮና ጣት የሞባይል ስልክ ለመጠገን ወይም የፋብሪካ መቈጣጠሪያ ሰሌዳ ለመዘርጋት የማይችልበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ለሴት ልጅ የሙያ ምርጫ ሲነገር የፀጉር ሥራና የምግብ ዝግጅት ብቻ አይጠራላት፤ ሁሉም ይጠራላትና እርስዋ ትምረጥ።

በመጨረሻ ሦስት ልመናዎች አሉን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ውጤት የወጣ ዕለት «ስንት አመጣህ?» ካላችሁን በኋላ፣ «ታዲያ ምን ልትማር አሰብክ?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ጨምሩልን። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአራት ዓመት የምትታገሡትን ያህል፣ ለሙያ ተማሪም ታገሡ። በረዳትነት በሚሠራበት ዓመት ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ያን ጊዜ አስተዋጽኦ ስጥ ብላችሁ አታስወጡት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መምህሮቻችን ሆይ፤ በዓመት አንድ ቀን ከመኪና ግርግር ቆራጩን፣ ከጋራዥ መካኒኩን፣ ከውሃ ቤት የፓምፕ ሠራተኛውን ወደ ክፍላችን ጥሩልን። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው በእጃቸው ሙያ የተከበሩትንም ፈልጋችሁ፣ ስማቸውን ከሐኪሞቹና ከመሐንዲሶቹ ስም ጋር በዚህ የዓመት መጽሐፍ ውስጥ አስፍሩልን። የታናናሾቻችን ዐይን የሚያየውን መንገድ ይከተላል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ለእኛ ለራሳችን የምንለው ይህ ነው። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ተግተን እናጥና፤ ሙያ አለ ብሎ ደብተሩን የሚዘጋ ሰው ሙያውንም አይዘልቀውም። ፓምፕ የሚያስነሣ ሰው ፊዚክስ፣ ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ጂኦሜትሪ፣ እንግዳ የሚያስጐበኝ ሰው ታሪክና እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል። ያለፍን እንደ ሆነ ላላለፉት ወንድሞቻችን አክብሮታችንን አንንፈጋቸው። ያላለፍን እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ሙያ መርጠን፣ እስከ ጥጉ ድረስ ተምረን፣ ተመዝነን እንያዘው። ዲግሪ የሌለው መሆን ነውር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ምንም ሳያውቁ መቅረት ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያቁምልን፤ ሐረርንም ውሃዋን የማያቋርጥ፣ እንጀራዋን የማያጐድል የሠለጠነ እጅ አይንሣት።